ለናዳ በተጋለጠ ተዳፋት ላይ ችግኝ ከመትከላችን በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ክረምቱ ሊገባ ነው። ወረዳዎች የችግኝ ጉድጓድ እያስቆፈሩ፣ የችግኝ ጣቢያዎችም ችግኝ እያደረሱ ባሉበት በዚህ ሰሞን፣ አንድ ጉዳይ በጋዜጣችሁ በኩል ለግብርና ጽሕፈት ቤቶች፣ ለመንገድ ሥራ ተቋማትና ተዳፋት ላይ ለሚኖረው ወገናችን እንዲደርስልኝ እጠይቃለሁ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የደረሰው ናዳ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ከነጠቀን ወዲህ «ተራራው ደን ቢኖረው ኖሮ» የሚለው አስተያየት በየመድረኩ ይሰማል። አስተያየቱ እውነት አለው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። የዕፅዋት ሥር የትኛውን ናዳ ሊይዝ እንደሚችል፣ የትኛው ከአቅሙ በላይ እንደሆነ፣ ምን ዓይነት ተክል በየትኛው የተዳፋቱ ክፍል እንደሚተከል ሳንለይ ከሄድን፣ ሚሊዮን ችግኝ ቆጥረን ሰው የሚኖርበትን ተዳፋት እንደነበረ ልንተወው እንችላለን። አንዳንዴም አደጋውን እናባብሰዋለን።

ስሌቱን በኪሎ ላስቀምጠው። ተዳፋቱ 35 ዲግሪ ያዘነብላል እንበል፤ ይህ በአግድም 100 ሜትር ሲኬድ 70 ሜትር ከፍታ ማለት ነው፤ በደጋችን ብዙ ማሳ እዚህ ላይ ይታረሳል። ከዐለቱ በላይ 1 ሜትር ውፍረት ያለው አፈር ተኝቷል፤ አንድ ሜትር ኩብ ርጥብ አፈር 1.83 ቶን ገደማ ይመዝናል። ይህ አፈር በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ወደ 860 ኪሎ በሚሆን ኃይል ወደ ታች ይጎተታል። የሚይዘው ከዐለቱ ጋር ሲፋተግ የሚፈጠረው ሰበቃና የራሱ ጥቂት ትስስር ነው። አፈሩ ርጥበት ቢኖረውም በውሃ እስካልተሞላ ድረስ ሰበቃው (የሰበቃ ማዕዘኑ፣ ማለትም አፈሩ በሰበቃ ብቻ ሊቆም የሚችልበት የዝንባሌ ልክ፣ 30 ዲግሪ ቢሆን) 710 ኪሎ ያህል ይሸከማል፤ የሸክላው ትስስር ደግሞ 200 ኪሎ ቢጨምርለት 910 ይሆናል። በጠባብ ልዩነት ቆሟል። ቀናት የሚዘልቅ ዝናብ ጥሎ አፈሩ እስከ ገጹ ድረስ በውሃ ሲሞላ ግን ውሃው የአፈሩን ቅንጣቶች ከታች ወደ ላይ ስለሚያነሳቸው የሰበቃው አቅም ወደ 320 ኪሎ ይወርዳል። ከትስስሩ ጋር 520። የጎደለው 340 ኪሎ ነው፤ ይህንን የሚሞላ ሌላ ነገር ከሌለ ተዳፋቱ ተንሸራትቶ ይሄዳል። በነሐሴ ተዳፋት የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ የአፈሩ ክብደት ስለጨመረ እንደሆነ ተደርጎ ይነገራል፤ ዋናው ምክንያት ግን ይህ የሰበቃው መክዳት ነው።

ያንን 340 ኪሎ ሥር ሊሞላው ይችላል። አፈር ሲጫኑት ይችላል፤ ሲስቡት ግን ወዲያው ይለያያል። ሥር ደግሞ ሲስቡት ይችላል። ጭቃ ቤት ሲመረግ ጭድ የሚቦካበት ምክንያት ይኸው ነው። ለዚህ ሥራ ቀጫጭኖቹ ሥሮች ከወፍራሞቹ ይበልጣሉ፤ ስፋታቸው እኩል ሆኖ ሲነጻጸሩ ቀጭን ሥር የበለጠ መሳብን ይቋቋማል፤ ከአፈሩም ጋር የሚነካካበት ገጽ ሰፊ ነው። ወፍራም ሥር ሳይበጠስ ከአፈሩ ተንሸራትቶ ይወጣል። ከላይ ላነሳሁት ተዳፋት፣ ሥሮች በአንድ ጊዜ ሳይሆን እየተከታተሉ እንደሚበጠሱ ታስቦ ግማሹን አቅም ብቻ ብንቆጥር፣ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው 190 ያህል ሥሮች በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር የአፈሩንና የዐለቱን መገናኛ ሰንጥቀው መግባት አለባቸው። ስፋታቸው ሁሉ ቢደመር 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ጤናማ የቁጥቋጦ፣ የሣርና የዛፍ ቅልቅል ይህን ያደርጋል። ነገር ግን «መገናኛውን ሰንጥቀው» ያልኩት ይሰመርበት። አፈሩ ውስጥ ብቻ የቀረ ሥር አፈሩን አንድ ላይ አስሮ ይይዘዋል እንጂ ከዐለቱ ጋር አያስረውም፤ እንዲህ ያለው ተዳፋት ሲሄድ ከነዛፉ፣ ከነሣሩ እንደ አንድ ሰሌን ይሄዳል።

አሁን ያንኑ ተዳፋት አፈሩን 3 ሜትር እናድርገው። የሚጎትተው ኃይል ወደ 2,600 ኪሎ ያድጋል፤ በውሃ ሲሞላ የሚጎድለው ከ1,400 ኪሎ ይበልጣል፤ እዚያ ጥልቀት የሚደርሰው ሥር ደግሞ በጣት የሚቆጠር ነው። የአብዛኛው ዛፍ ሥር የሚበዛው በላይኛው 1 ሜትር ውስጥ ነው። እንሰት ከዚህም ጠለቅ አይልም፤ ደቡቡን የሚመግበው ይህ ተክል የላይኛውን አፈር ከመታጠብ ሲጠብቅ ጥልቅ ናዳን ግን ያግዳል ተብሎ ሊታሰብ አይገባም። ቀርከሃም እንደዚሁ ወደ ጎን የሚሄድ ሥር አለው፤ ለጎርፍ ቦይና ለወንዝ ዳር ግሩም ነው፣ ለጥልቅ ተዳፋት አይበቃም። በ1998 ዓ.ም. መስከረም መግቢያ በሰሜን ሸዋ ደብረ ሲና አካባቢ ይዛባ ወይንና ሾተል አምባን ያፈረሰው ዓይነት ሰፊና ጥልቅ መንሸራተት በሥር የሚያዝ አይደለም። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ውሃውን ከከርሱ ማስወጣት፣ ካልሆነም ሰውን ማንሳት እንጂ ችግኝ መፍትሔ ነው ብሎ ለነዋሪው መንገር ነዋሪውን ማታለል ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ጉድጓድ ቆፍሮ ማየት ነው። በተዳፋቱ ላይ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ሦስት ቦታ፣ ዐለት ወይም ጠንካራ የበሰበሰ ድንጋይ እስኪገኝ ድረስ፤ በድጅኖ ሲወጉት ካልገባ እዚያ ነው። እስከ 1.5 ሜትር ከተገኘ ሥር ዋናውን ሥራ ሊሠራ ይችላል። ከ2 ሜትር በላይ ከሆነ ተክሉ ረዳት ነው፤ ዋናው ውሃ ማስወገጃው ነው። ቆፋሪው ብቻውን አይሁን፤ ከ1.2 ሜትር በታች ግድግዳው በእንጨት ሳይደገፍ አይግባ።

ሁለተኛው የውሃው ነገር ነው፤ ለዝግጅት ክፍላችሁ እንድጽፍ ያስገደደኝም በይበልጥ ይህ ነው። በሰሜን ወሎና በትግራይ ዝናብ አጠር ተራሮች ላይ ተአምር የሠራው የውሃ ማቆሪያ ትሬንች (ጉድባ)፣ በተፋሰስ ልማት ዘመቻ ስም ዝናብ በሚበዛባቸውና ሸክላ አፈር ባላቸው የደቡብና የምዕራብ ተዳፋቶችም ላይ ሲቆፈር ይታያል። ትሬንች የሚቆፈረው ውሃ ወደ መሬት እንዲሰርግ ነው። ለናዳ በተጋለጠ ተዳፋት ላይ ውሃ ማስረግ ደግሞ ያንን ከ710 ወደ 320 የሚያወርደውን ነገር በእጅ ማምጣት ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ እርከኑም ቦዩም ውሃ የሚያቁር ሳይሆን ውሃ የሚያወጣ መሆን አለበት፤ ወደ ጎን ከ0.5 እስከ 1 በመቶ ተዳፋትነት ይሰጠዋል። 1 በመቶ ለመስጠት በሁለቱ እግሮቹ መካከል 2 ሜትር ርቀት ያለው ኤ-ፍሬም (የ«A» ቅርጽ ያለው የእንጨት ውሃ ልክ) በቂ ነው፤ ውሃው በሚሄድበት አቅጣጫ ባለው እግር ሥር 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ይደረግና ቱምቢው መሐል ላይ ሲያርፍ ችካል ይመታል።

ውሃ መቀልበሻው ቦይ ከተዳፋቱ አናት፣ ስንጥቅ ካለም ከስንጥቁ ከ5 እስከ 10 ሜትር ከፍ ብሎ ይቆፈራል፤ ወርዱ 50፣ ጥልቀቱ ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ይሁን። አፈሩ በታችኛው በኩል ይደፋና ይጠቀጠቃል። መጨረሻው የግድ ዐለት ወዳለበት የተፈጥሮ ወንዝ ወይም በድንጋይ ወደተነጠፈ መውረጃ መድረስ አለበት፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ቦዩ በጥሩ ሁኔታ ተቆፍሮ ጫፉ የጎረቤት ማሳ ላይ ይለቀቃል፣ በሁለተኛው ክረምት እዚያ አዲስ ገደል ይከፈታል። ከመንገድ ቱቦ የሚወጣውም ውሃ እንዲሁ ነው። ከቱቦው አፍ በታች ያለው ተዳፋት በደለል ቢሸፈን ማንም ልብ አይልም፤ ተሰንጥቆ ሲወርድ ግን ጥፋቱ የዛፍ እጦት ይባላል።

ስንጥቁን ራሱን ክፍት መተው አይገባም። ስንጥቁን ተከትሎ እስከ ግማሽ ሜትር ይቆፈርና ሸክላ አፈር በ15 ሴንቲ ሜትር ንብርብር እየተደረገ ይጠቀጠቃል። ድንጋይና አሸዋ መሙላት ውሃውን መንገድ እንደመጥረግ ነው።

ተክሉ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ለመንገድ ሲባል ለተቆረጠ ገደል (ቁርጥ) እና አፈሩ ስስ ለሆነ ተዳፋት ከቬቲቨር ሣር የተሻለ የለም እላለሁ። ከ50 ዓመት በፊት በጅማ ምርምር ማዕከል በኩል አገራችን የገባ ነው። ሥሩ በሞቃትና ርጥብ አካባቢ በአንድ ዓመት ከ2 ሜትር በላይ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ወደ ጎን ስለማይሰፋ ከሰብል ጋር አይሻማም፤ የሚተከለው ዝርያ ፍሬያማ ዘር ስለሌለው አረም አይሆንም። የሚተከለው ከእናቱ ላይ ተገንጥሎ 3 ቡቃያ የያዘ ግንጣይ ነው፤ ቅጠሉ በ20፣ ሥሩ በ10 ሴንቲ ሜትር ይቆረጣል። በመስመሩ ውስጥ በ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ በመስመርና በመስመር መካከል ደግሞ በቁልቁል ልኬት 1 ሜትር ይሰጠዋል። ወርዱ 20 ሜትር፣ ቁመቱ በቁልቁል ልኬት 10 ሜትር የሆነ ቁርጥ 2,000 ግንጣይ ይፈልጋል፤ ለመተኪያ 200 ይጨመርበት። የደረቀው ካልተተካ ክፍተቱ ጎርፍ ሰብስቦ መስመሩን ይበጥሰዋልና ከ5 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ መተካት አለበት። ከተተከለ በኋላ 3 ወር ከብት አይግባበት። በዓመት ሁለት ጊዜ በ40 ሴንቲ ሜትር ላይ ማጨድ ያጎነቁለዋል።

ከ2,200 ሜትር በላይ ባለው ደጋ ግን ቬቲቨር በብርዱ ይቀጭጫል። እዚያ ደሾ ሣር አለልን፤ የጨንቻ ደጋ የሰጠን የራሳችን ተክል። ሥሩ የቬቲቨርን ያህል አይጠልቅም፤ ነገር ግን ለከብት የሚታጨድ በመሆኑ ገበሬው ያውቀዋል፣ ይጠብቀዋል። ለነዋሪው የሚጠቅም ተክል ነው ከ3 ዓመት በኋላም ቆሞ የሚገኘው። ደሾን ከጥልቅ ሥር ተክል ጋር ቀላቅሎ መትከል እንጂ ብቻውን ቁርጥ ላይ መተው አያስተማምንም።

ዛፍ የሚተከለው የት ነው? ጥልቅ ሥር ያላቸው ትልልቆች፣ ወይራ፣ ዋንዛ፣ ግራር፣ ብሳና፣ በከፍታው ላይ ኮሶ፣ የተዳፋቱ ታችኛው ሲሶ ላይ ይተከሉ። እግሩ ላይ የቆመ ዛፍ ከላይ የሚገፋውን አፈር ይደግፋል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከ2.5 ሜትር ካልበለጠ አፈሩ በዛፎቹ መሐል ቅስት ሠርቶ ይቆማል። መስመሮቹ ፊት ለፊት ሳይሆን እየተዛነቁ ይሁኑ። አናቱ ላይ፣ በተለይ ስንጥቅ ያለበት አፋፍ ላይ፣ ረጅም ዛፍ አይቁም፤ ነፋስ ሲያንገላታው ስንጥቁን ይከፍተዋል። እዚያ ሣርና ቁጥቋጦ ይበቃል። መሐሉ የኮርች ነው። በአጥር ላይ እንደለመድነው ግንዱ ተቆርጦ ይበቅላል፤ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ርዝመት፣ ከ4 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እንጨት በታች በኩል ተሾሎ ሁለት ሦስተኛው መሬት ውስጥ ይገባል። ቡቃያው ወደ ላይ መሆኑን ማየት የግድ ነው፤ ተገልብጦ የተተከለ አይበቅልም። በመዶሻ ሲመቱት ጫፉ ይሰነጠቃልና መጀመሪያ በድጅኖ ቀዳዳ ይከፈትለት። ገና ሥር ሳያወጣ እንኳ እንደ ካስማ ይይዛል።

አንድ ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ። በፕላስቲክ ቱቦ ያደገ ችግኝ በጣቢያ ሲቆይ ዋና ሥሩ ከቱቦው ሥር ተጠምዝዞ እንደ ቀለበት ይጠቀለላል። ያንን እንዳለ ቢተክሉት ዛፉ ያምራል፣ ቅጠሉ ይለመልማል፣ ቆጣሪውም «ጸድቋል» ይላል፤ ሥሩ ግን 30 ሴንቲ ሜትር ላይ እየዞረ ይቀራል። ከዓመታት በኋላ የተነቀለውን ሲያዩት ያ ቀለበት እንዳለ ነው። ስለዚህ ከመትከል በፊት ከቱቦው ታችኛው ጫፍ 2 ሴንቲ ሜትር በምላጭ ይቆረጥ፤ ፕላስቲኩ ሙሉ በሙሉ ይውለቅ። «ለምን ይቀደዳል፣ አፈሩ ይበተናል» ተብሎ ከነፕላስቲኩ የሚተከለው ቀላል አይደለም። ጉድጓዱም በሸክላ መሬት ላይ በርጥበቱ ወቅት ሲቆፈር ግድግዳው በዶማ ተልሶ እንደ ሸክላ ድስት ይደድራል፤ ሥሩ እዚያ ይታጠርና ውሃ ይቋጠርበታል። ግድግዳው በድጅኖ ይጫር፣ የጉድጓዱ ወለል ደግሞ ከ40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት በታች ሌላ 30 ሴንቲ ሜትር ተወግቶ ይላላለት። ግራርን የመሰሉት ከችግኝ ይልቅ በዘር ቢዘሩ ዋናው ሥር ሳይሰበርባቸው ይወርዳል።

ጊዜውም መታወቅ አለበት። በ1988 እ.ኤ.አ. ቦላ የተባለው አውሎ ነፋስ የኒውዚላንድን ምሥራቅ ዳርቻ ሲመታ፣ ከ8 ዓመት በላይ የሆነው ደን ያለበት ተዳፋት ከግጦሽ መሬቱ ብዙ እጥፍ ያነሰ ናዳ ሲደርስበት፣ ከ6 ዓመት በታች የነበረው የተተከለ ደን ግን ከግጦሹ ብዙም አልተሻለም። ችግኝ ተተከለ ማለት ተዳፋቱ ተያዘ ማለት አይደለም። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ የሚይዘው ሣሩና ውሃ መቀልበሻው ነው፤ ከሥር ያሉት ቤቶችም በዝናብ ወቅት እንደበፊቱ በአደጋ ውስጥ ናቸው።

ሲቆረጥም እንዲሁ። የተቆረጠ ዛፍ ሥሩ እየበሰበሰ አቅሙን በጥቂት ዓመታት ያጣል፤ የተተካው ችግኝ ደግሞ ገና አልደረሰም። በዚህ መሐል የሚመጣ ከባድ ክረምት ነው የሚያፈርሰው፤ ያኔ ዛፉ የተቆረጠበትን ዓመት የሚያስታውስ የለም። ባሕር ዛፍ ከጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ ሥሩ በሕይወት ይቆያል፤ ከበታቹ ሌላ ሣር አያበቅልም የሚለው ወቀሳ እውነት ቢሆንም በዚህ በኩል ከፈረንጅ ጥድ ይሻላል። ፈረንጅ ጥድ ከተቆረጠ አያቆጠቁጥም። ስለዚህ ተዳፋት ላይ ያለን የፈረንጅ ጥድ ደን በአንድ ዓመት ሙሉ በሙሉ መቁረጥ መከልከል አለበት፤ በ10 ሜትር ስፋት በአግድም መስመር እየተቆረጠ፣ የተቆረጠው ተተክቶ 5 ዓመት ሳይሞላው ቀጣዩ አይነካ። ጉቶ ለከሰል መንቀልም በተዳፋት ላይ የተከለከለ ይሁን።

የማስጠንቀቂያ ምልክቶቹን ነዋሪው ከባለሙያ በፊት ያያቸዋል። ግንዱ ከሥሩ ታጥፎ እንደገና ቀጥ ያለ ዛፍ መሬቱ ለዓመታት ቀስ እያለ እንደሚሄድ ይናገራል። አዲስ ስንጥቅ፣ ባልነበረበት ቦታ የፈለቀ ምንጭ፣ የነበረ ምንጭ በድንገት መደፍረስ ወይም መድረቅ፣ በሩ አልዘጋ ያለ ቤት፤ እነዚህ ሲታዩ ችግኝ የሚተከልበት ጊዜ አልፏል፣ ሰው መውጣት አለበት። የጎፋው ሐዘን የከበደው መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት የወጣው ሕዝብ በሁለተኛው ናዳ በመዋጡ ነው። አንድ ጊዜ የሄደ ተዳፋት አናቱ ድጋፉን አጥቷልና ዝናቡ ሳያቆም እንደገና ሊሄድ ይችላል። ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት አናቱን ከጎን ሆኖ የሚመለከት፣ ስንጥቅ ሲሰፋ የሚጮኽ ሰው ይቁም፤ ቆፋሪዎችም በጥቂት በጥቂቱ፣ መሸሻቸው ወደ ጎን ተለይቶ ይግቡ።

ከአረንጓዴ አሻራ ዘገባዎች የምጠብቀው ለውጥ ይህ ነው። ለናዳ የተጋለጠ ተብሎ በተለየ ተዳፋት ላይ የተተከለው ችግኝ በጸደቀው ብዛት ብቻ አይለካ። በሁለተኛው ዓመት ጥቅምት፣ አፈሩ ሳይደርቅ፣ በሁለት ተክሎች መሐል 1 ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ተቆፍሮ በግድግዳው ላይ የሚታዩት ሥሮች ይቆጠሩ፤ በ10 በ10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ተለይተው፣ ከ2 ሚሊ ሜትር በታችና በላይ ተለይተው ይመዝገቡ። ሁለት ሰው በግማሽ ቀን የሚጨርሰው ሥራ ነው። ከ60 ሴንቲ ሜትር በታች ሥር ካልተገኘ እዚያ ቀበሌ በሦስተኛው ዓመት የሚቀየረው የተክሉ ዓይነት ወይም የጉድጓዱ አቆፋፈር መሆን አለበት። ውጤቱም በቀበሌው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተዳፋቱ በታች ለሚኖሩት ይለጠፍላቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ባለሙያ